አፍ የሌለው ስልቻ

ዛሬ ቆቦ ገበያ ማሽላ ልገዛ ቆሜ፣ ሻጩ ስልቻውን ሲፈታ የፍየል ቆዳው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርን፤ እኔና ታላቅ እህቴ ዘሃራ አንድ ዴስክ ላይ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የባዮሎጂ መምህራችን ሴል ስሎ፣ «ሴል የሠራውን በስስ ሽፋን በተጠቀለለች ከረጢት ያስቀምጣል፤ ወደ ውጭም በእሷ ይልካል» አለን። እኔ ከረጢቷን አንገትና ማሰሪያ ያላት ስልቻ አድርጌ ሳልኳት። የዘሃራ ግን ድፍን ክብ ነበረች።

«የእህትሽን እዪ፤ አፍ የላትም» አለኝ መምህሩ።

«ታዲያ በየት ትራገፋለች?»

«የሴሉን ዙሪያ ሽፋን እንደ ግድግዳ እዪው፤ እዚያ ስትደርስ ትዋሃደዋለች። የያዘችው ውጭ ይፈሳል፤ እሷ እዚያው ግድግዳ ሆና ትቀራለች።»

ምንም አልገባኝም። እቤት ስገባ አባቴ ለዘሃራ ሠርግ ወደ ሙሽራው አገር ጎብዬ የሚሄደውን ማሽላ በስልቻ እየሞላ ነበር። የሰማሁትን ነገርኩት።

«አፍ የሌለው ስልቻ?» ብሎ ሳቀ። «መምህርሽ እህል ጭኖ አያውቅም።»

«ከደረሰች አትመለስም፤ የዚያው ግድግዳ ትሆናለች አለ» ስለው እጁ ማሰሪያው ላይ ቆመ። ዘሃራ ወደተቀመጠችበት ጓዳ አየ።

«እሱስ እውነቱን ነው» አለ ቀስ ብሎ። ምኑን እንዳመነ ግራ ገባኝ።

ከሠርጉ ማግስት ስልቻዎቹ ባዷቸውን በአህያ ተመለሱ። ሰኞ ዴስኩ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። በፈተናው ከረጢቷን ሳሉ ስንባል፣ መልሱን እያወቅሁ አፍና ማሰሪያ አደረግሁላት። ለምን እንደሆነ ዛሬም በቅጡ አይገባኝም።

«እህቴ፣» አለኝ ሻጩ፣ «መያዣሽን አምጪ እንጂ!»