ዕቅድሽ ምን ነበር?

የያዙኝ ከቁሐር ሚካኤል ስመለስ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከብት ስከትብ ውዬ፣ የጎርፍ ውሃ መንገዱን ስለቆረጠው አንድ ገበሬ ቤት አደርኩ። በማግስቱ ወረታ መግቢያ ላይ ፖሊሶች ከመኪና አስወረዱኝ። ቦት ጫማዬ ላይ ያለው የሩዝ ማሳ ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ለእስር የተሠራ አይደለም፤ የሩዝ መጋዘን ነበር። ገለፈቱ ከወለሉ አልፎ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል። ስተኛ ፀጉሬ ላይ ይጣበቃል፣ ስነሳ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ወንዶቹ ከግድግዳው ማዶ ብዙ ሆነው ታስረዋል። ሲሳሳቁም፣ ሲጣሉም፣ ሲጸልዩም እሰማቸዋለሁ። ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ብቻዬን አደረጉኝ። ለእኔ አስበው ይመስለኛል።

መርማሪው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«ዕቅዳችሁ ምን ነበር?»

«የምን ዕቅድ?»

«ያደርሽበት ቤት ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው አምሽተዋል። እነማን እንደነበሩና ምን እንዳቀዳችሁ ንገሪኝና ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«እኔ ደክሞኝ ነበር፤ ተኛሁ።»

«እንግዲያው አስቢበት» ብሎ መለሰኝ። በጠራኝ ቁጥር ጥያቄው ይኸው ነው፣ መሸኛውም ይኸው ነው።

እኔም ማሰብ ጀመርኩ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ከሰዓት በኋላ ወንዶቹን ፀሐይ ሊያሞቋቸው ሲያወጧቸው ከግድግዳው ማዶ ጸጥ ይላል። ያችን ሰዓት ለራሴ ያዝኳት። ባልዲዬን ደፍቼ እቀመጥበትና «እስቲ የእኔ ዕቅድ ምንድን ነው?» እላለሁ።

ከዚያ በፊት ራሴን እንዲህ ጠይቄ አላውቅም። የወንድሜ ሚስት ስታርፍ፣ ልጆቹ ጠንከር እስኪሉ ብዬ ቤቱ ገባሁ፤ በዚያው ቀረሁ። ጠዋት ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት፣ ቀን በየቀበሌው ከብት ስር፣ ማታ ደግሞ ጓዳ። ከራሴ ጋር ቁጭ ብዬ የተነጋገርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

መጀመሪያ ያቀድኩት ሁሉ የእነሱን ነበር። ጣሪያው የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ይታደስ፤ ትልቁ ልጅ ባሕር ዳር ሄዶ ይማር፤ ለወንድሜም ደህና ሴት ትፈለግለት። ሁሉን ካስተካከልኩ በኋላ እኔ የት ጋ እንዳለሁ ፈለግሁ። የለሁበትም። ስታሰር ያላለቀስኩት እኔ ያን ቀን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

በዚያው ሰሞን ጠባቂዋ ፖሊስ ምግብ ይዛልኝ ገባች።

«ወንድምሽ አድርሶ ሄደ። ልጆቹ ተቸግረዋል፣ መቼ ነው የምትወጪው ብሎሻል።»

«ሌላስ?»

ጥቂት አሰበች። «ሌላ እንኳን አላለም፣ እታለም» አለችኝ። ሰሃኑን አስቀምጣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ ዕቅዴን እንደ አዲስ ጀመርኩ። አንድ ክፍል ቤት። ያቋረጥኩት ትምህርት። ማንም የማያዘኝ እሑድ። ሊያገባኝ ጠይቆኝ «ትንሽ ቆይ» ያልኩት ሰውም ነበር፤ ቆይቶ ቆይቶ ሌላ አግብቷል። እሱን ከዕቅዱ አወጣሁት።

መርማሪው እንደገና አስጠራኝ።

«አሰብሽበት?»

«አዎ፣ አሰብኩበት።»

እስክሪብቶውን አነሳ።

«ከወንድሜ ቤት ወጥቼ አንድ ክፍል እከራያለሁ። ትምህርቴን እቀጥላለሁ። እሑድ እሑድ ለራሴ እውላለሁ። ዕቅዴ ይሄ ነው።»

እስክሪብቶው ባለበት ቆመ። «ትቀልጃለሽ?»

«አልቀለድኩም። በሕይወቴ ዕቅድሽ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር እርስዎ ነዎት። እውነቱን ነገርኩዎት።»

«ሰዎቹስ?»

«ስለ ሰዎቹ የምለው የለኝም።»

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የነገርኩትን አልጻፈውም። አልተቆጣኝምም። ጠባቂዋን ጠርቶ «መልሻት» አላት፤ በዚያ ቀን «አስቢበት» አላለኝም።

በዚህ ምክንያት የተፈታሁ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ቆይቻለሁ። አንድ ጠዋት ብቻ በሩ ተከፈተና «ዕቃሽን ያዢ» ተባልኩ። ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ፣ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም።

ቤት ልከራይ ነው ስለው ወንድሜ ክው አለ።

«ምን አጎደልንብሽ?»

«ምንም። ልጆቹም ይመጣሉ፣ እኔም እመጣለሁ።»

ብዙ ጊዜ አኮረፈኝ። አሁን ይሻላል።

ትምህርቱን ገና አልጀመርኩም። ቤቴ ጠባብ ናት፣ ምሽቱም ረጅም ነው። እየረሳሁት ለብዙ ሰው የሚበቃ ወጥ የምሠራበት ጊዜ አለ። እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቀመጣለሁ። ያለፈውን ሳምንት አስባለሁ፣ የሚመጣውን አቅዳለሁ። አንዳንዴ ምንም አይመጣልኝም፤ እንዲያም ሆኖ ተቀምጬ እውላለሁ።

በቅርቡ ይፋግ አካባቢ የአንድ ገበሬ ላም ምጥ ጠንቶባት ተጠራሁ። ጥጃውን አውጥተን ስንጨርስ ጀንበር ልትገባ ነው። ገበሬው እጄን እያስታጠበኝ፦

«ስለ እግዜር፣ እዚሁ እደሪ። ማን ይጠብቀኛል ብለሽ ነው በዚህ ሰዓት የምትሄጂው?» አለኝ።

«የሚጠብቀኝስ የለም» አልኩት። «ግን ቤቴ እገባለሁ።»