አማቼ ቋሚ ሊሆን የሄደ ዕለት

አማቼን ሰው ሁሉ «ብሎን» ይለዋል። የአሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ ኪሱን ብትገለብጡት ብሎን እንጂ ሌላ ነገር ስለማይወድቅ ስሙን አልተቃወምኩም። እኔ የተቃወምኩት ሥራውን ነው፣ ሥራ ከተባለ። አንዱ ሕንፃ ላይ አሳንሰር ሲቆም ይደወልለታል፣ ይሄዳል፣ ያስነሣል፣ ይመለሳል። ካልተደወለ የሁለት ዓመት ተኩል ልጁን፣ ቅመምን፣ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲዞር ይውላል፤ ሲደወልለትም ይዟት ነው የሚሄደው። ሚስቱ፣ ማለትም የኔዋ ልጅ፣ ነርስ ናት፤ በጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ትገባለች። እኔ የቤታቸው ታችኛው ክፍል ነው የምኖረው። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የሞላኝ ነገር ቢኖር ጊዜ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን የሚደውልለት የአሳንሰር ጥገና ድርጅት ጠራውና «ቋሚ እናድርግህ» አለው። አንድ ሳምንት ሞክር፣ ዓርብ ጠዋት መጥተህ ወይ ፈርም ወይ ተወው። ብሎን ሆዬ ምግብ አልበላ አለው።

«እማማ፣ ምን ይሻለኛል?» አለኝ። «ቋሚ ከሆንኩ ስወጣም ስገባም ቅመምን የማያት ተኝታ ነው። እምቢ ካልኩ ደግሞ አንድ ቀን ስልኩ ዝም ቢልስ?»

እኔስ ምን አልኩ? ዓይኔን በጨው አጥቤ ስለ ክብር ሰበክሁለት። ሰው ቋሚ ሥራ ሲኖረው ነው ሰው የሚሆነው አልኩ። «ልጅቷን ለእኔ ተዋት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል ቀጥ አድርጌ የያዝኩ ሴት፣ አንዷ ልታቅተኝ ነው?» አልኩ። ስናገር እንዴት እንደሚያምርብኝ ብታዩ!

ውሸት ነው። እውነቱን ተናግሬ ልገላገል፤ ልጅቷን ፈልጌ ነው። ቀኑን ሙሉ፣ ለብቻዬ፣ ማንም ሳይሻማኝ። ጠዋት ጠዋት ደረጃውን በቂጧ እየተንሸራተተች ወርዳ ጉልበቴ ላይ ትወጣለች፤ ገና ሳልጠግባት አባቷ ላፍ አድርጎ ይዟት ይሄዳል። ቀናሁበት። በገዛ አማቼ ቀናሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

ሰኞ ንግሥት ነበርኩ። ማክሰኞ ጉዱ ፈላ። ልጅቷ ያደገችው አሳንሰር ውስጥ ነዋ! ክብ ነገር ካየች ትጫናለች፤ ሬዲዮኑን፣ የልብስ ማጠቢያውን፣ የጎረቤቱን ደወል። አለፍ ሲልም አፍንጫዬን ጫን ታደርግና «ሦስተኛ ፎቅ!» ትላለች። ያን ጊዜ አንሥቻት ከወንበሬ ቀስ እያልኩ መነሣት አለብኝ። ካልተነሣሁ ለቅሶ ነው። ጉልበቴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ረቡዕ ዕለት ሃያ ስድስት ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ቆጥሬያለሁ። በሳቅ ሞትኩ፣ በድካምም ሞትኩ።

ሐሙስ ግን ከምሳ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። ፈልጌ ሳገኛት የአባቷን አንድ ጫማ ታቅፋ ከውጭው በር ትይዩ ተቀምጣለች። «ነይ፣ ሦስተኛ ፎቅ እንውጣ» ብዬ አፍንጫዬን ሰጠኋት፤ አልነካችም። እስክትተኛ ድረስ ከዚያ አልተነሣችም። አንጀቴን በላችው። ለካ እኔ የፈለግኋት ልጅ ያቺ የምትስቀዋ ነበረች፣ ያቺ ደግሞ ግማሿ የሱ ናት።

ዓርብ ብሎን ሊፈርም ወጣ። አንድ ሰዓት ያህል ከራሴ ጋር ተሟገትኩና ሳይፈርም ልደርስበት ልጅቷን አንጠልጥዬ እግሬ አውጪኝ አልኩ። የድርጅቱ መሥሪያ ቤት ስደርስ አንዱ እግሬ በጫማ፣ አንዱ በነጠላ ጫማ መሆኑን አየሁ። ቢሮው ስድስተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ ውስጥ ገባን፤ ፋይል የታቀፈች ዘናጭ ሴትም ተከተለችን። ሦስተኛን እንዳለፍን አንዴ ጓ! አለና ቆመ።

የአሳንሰር ጠጋኝ ድርጅት አሳንሰር! ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል የተባለው ለካ እውነት ነው።

ሴትዮዋ ሥራ አስኪያጇ ኖራለች። ስልኳን አውጥታ «ቶሎ ክፈቱልኝ!» ብላ ጮኸች።

«እሺ እመቤቴ» አለ ከወዲያ አንዱ ሠራተኛ። «ግን የሥራ ትዕዛዝ ወረቀት ያስፈልገናል።»

«ታዲያ አስፈርሙዋ!»

«የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት።»

ለካ ባለፈው ወር ቋሚ ሠራተኛ ያለ ፊርማዋ አንዲት ብሎን እንዳይነካ በደብዳቤ ያዘዘችው ራሷ ናት። አንዱ ዐውቃለሁ ብሎ ነካክቶ ተቀጥቷል፤ አሁን ሁሉም እጁን አጣምሮ ቆሟል። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ገላመጠችኝ፤ ቀጥላ እሷም ፈነዳች። ቅመም በዚህ መሃል የሴትዮዋን የኮት ቁልፎች አንድ በአንድ እየተጫነች ፎቅ ትጠራለች።

«በጥሪ የሚሠሩትስ?» አልኩ ትንፋሼ ሲመለስ።

«እነሱ በስልክ ብቻ ነው የሚታዘዙት።»

«እንግዲያው አንዱ እላይ እናንተ ቢሮ ተቀምጧል። ገና ካልፈረመ!»

ዓይኗ በራ። ደወለች። «ብሎን! ፈርመሃል?»

«ኧረ ገና ነኝ፤ እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎኝ ሌላ እያመጡልኝ ነው።»

«እንዳትፈርም!» አልን ሁለታችንም ባንድ አፍ።

ዐሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ከላይ ሞተሩን በእጁ እያዞረ እስከ አራተኛ ፎቅ ግማሽ ድረስ አወጣን፤ ከዚያ በሩ ተከፈተና በደረቱ ተኝቶ በክፍተቱ ፊቱን ብቅ አደረገ። እኔን ሲያይ ክው አለ። ቅመም ግን አልደነገጠችም። እጇን ዘርግታ ጉንጩን ነካች።

«አባዬ፣ ተበላሽተህ ነበር?» አለችው።

ብሎን እጇን ስቦ ሳመው። እኔም ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። «ልጄ፣ ዋሽቼሃለሁ» አልኩት። «ያ ሁሉ የክብር ወሬ ባዶ ነው። ልጅቷን ለብቻዬ ፈልጌ ነው።»

«አውቃለሁ እኮ፣ እማማ።»

«ታውቃለህ? ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ለአማት እንዴት ተብሎ ይነገራል?»

«ሰዎች» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ «መጀመሪያ እኔን አውጡኝና ትታረቃላችሁ!»

ቅመም ወጣች፣ ሴትዮዋ ወጣች፤ እኔ ግን እሱ ከፊት እየጎተተኝ፣ እጃቸውን አጣምረው ከቆሙት ሁለቱ ደግሞ ያለ ሥራ ትዕዛዝ እያገዙት ወጣሁ። ሥራ አስኪያጇ ኮቷን አስተካከለች። «እንግዲህ ቁርጡን ንገረኝ። ትፈርማለህ አትፈርምም?»

«አልፈርምም» አለ። ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማለች። «ስትደውሉልኝ እመጣለሁ።»

«ባንደውልስ?»

«እፈራለሁ። አሁንም እየፈራሁ ነው» አለ፣ ድምፁን ሳይደብቅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ስልክ በተደወለ ቁጥር ግን ቅመም እርስዎ ዘንድ ትውላለች። ይስማማዎታል?»

ሰው በተሰበሰበበት እዬዬ ብዬ አለቀስኩ።

ይሄው ከዚያ ወዲህ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና፣ ጠዋት ጠዋት የሰው አሳንሰር እንዲቆም እጸልያለሁ። ሰው እንዳይጎዳ ብቻ፤ ትንሽ ብቻ ይቁም። አንዳንድ ሳምንት ጸሎቴ አይሰማም፣ ስልኩም ጭጭ ይላል፤ ብሎን ሰዓት እያየ ፊቱ ይጠቁራል። ያን ቀን ሥራ ፍለጋ አይሄድም፣ እኔም አልመክረውም። በሬን ያንኳኳና «እማማ፣ ጫማዎን ያድርጉ» ይለኛል። ቅመምን መሃል አድርገን እንወጣለን። እሷ ሁለታችንንም በእጇ ትይዛለች፤ መቼም ከሱ ጋር ስትሆን ነው ያቺን ሳቅ የምትስቀው፣ እኔም ከጎኗ ሆኜ እሰማዋለሁ።