ደህና ሳለሁ የተለቀሰልኝ

አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም ወጣት ነው፤ አነጋገሩ ግን የረጋ። ከፕሮስቴት እጢዬ የተወሰደውን ናሙና ውጤት አይቶ «ካንሰር ነው፤ ግን ትንሽና ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት ነው» አለኝ። «አሁን አንነካውም። በየስድስት ወሩ ደምዎን እያየን፣ አልፎ አልፎም ናሙና እየደገምን እንከታተለዋለን። ከተለወጠ ያኔ እናክመዋለን። ቀዶ ጥገና ቢደረግልዎ ሽንትዎን መቆጣጠር ሊያቅትዎ ይችላል፤ የባልና የሚስት ነገርም ሊቀር ይችላል። ሳያስፈልግ ለምን ይጎዳሉ?»

ልቤ ተመለሰ። ሰመራ ላይ ጎማ ስጠግን የኖርኩ ጎሚስታ ነኝ፤ ያልተነፈሰ ጎማ እንደማይፈታ ማንም እንዲነግረኝ አያሻኝም።

ስመለስ አዋሽ፣ ታላቅ ወንድሜ ጋ አደርኩ። ከወሎ ይዞኝ የመጣ፣ አባት የሆነኝ ሰው ነው፤ መንገዱ ዳር ሱቅ አለው። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። እሱ ግን የሰማው «ካንሰር» የምትለዋን ብቻ ነው።

«መድኃኒቱስ?» አለኝ።

«አልሰጡኝም። አያስፈልግህም ነው ያሉኝ።»

የሱቁን በር ገርበብ አደረገ። ያሰበው ገባኝ። እኛ ዘንድ ሐኪም ሰውን ያለ መድኃኒት ወደ ቤቱ ከሸኘ፣ «ሂድ፣ ከልጆችህ መሐል ሙት» ማለቱ ነው። አባታችን ከደሴ ሆስፒታል የተመለሰው እንዲሁ ነበር። ደግሜ ባስረዳውም «እንዳትደነግጥ ብለው ነው» ብሎ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

በማግስቱ አውቶቡሱ ለምሳ ሚሌ ሲቆም፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት እጄን በሁለት እጁ ያዘና «አላህ ዓፊያ ያድርግህ» አለኝ። ለካ የጅቡቲ ሹፌሮች ወንድሜ ሱቅ ውሃ ሲገዙ ወሬውን ጭነው ቀድመውኛል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ እነሱ የጨመሩበት መቃብር ነው።

ሰመራ ስደርስ ባለቤቴ ዓይኗ አብጦ ጠበቀችኝ። ደንበኞቼ «ጋሼ፣ እርስዎ አይድከሙ» እያሉ ጎማቸውን ጎረቤቴ ጋ መውሰድ ጀመሩ። አንዳንዱ ሥራ ሳይኖረው ይመጣና «አውፍ ይበሉኝ» ይለኛል፤ ከሚሞት ሰው ይቅርታ መጠየቁ ነው። ምን አጥፍተህ ስለው እጄን ስሞ ይሄዳል። እየበላሁ፣ እየሠራሁ፣ የገዛ ለቅሶዬ ላይ የምቀመጥ ሰው ሆንኩ። አንድ ቀን «ኧረ አልሞትኩም!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ጭንቀቱ ነው» ብለው የባሰ አዘኑልኝ።

ከዚያ ወንድሜ በግ ይዞ ከአዋሽ መጣና ቤቴ ዱዓ ተደረገ። ዱዓውን የመሩት ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው «ኻቲማውን ያሳምርለት» አሉ፤ ፍጻሜው ይመር ማለት ነው። ለማንም የሚደረግ ዱዓ ነው፤ ያን ዕለት ግን ቤቱ ሁሉ እኔን እያየ «አሚን» አለ። እኔም አሚን አልኩ። ምን ልበል?

ሰዉ ሲበተን ባለቤቴ «እጢውን አስወጣው» አለችኝ።

ሐኪሙ ያስጠነቀቀኝን ነገርኳት፤ የሽንቱንም፣ የመኝታውንም።

«የመኝታው ይቅርብኝ» አለች። «ትንፋሽህን እያዳመጥኩ መኖር አልቻልኩም፣ ወላሂ።»

የሰዉን ወሬ ችዬው ነበር። እሷን አልቻልኩም።

በቀጠሮዬ ስሄድ ሐኪሙ ደስ ብሎት «ይኸው፣ ምንም አልተለወጠም» አለኝ።

«አውጡልኝ» አልኩት።

ለምን ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ባለቤትዎን ይዘዋቸው ይምጡ፣ እኔ ላስረዳቸው» አለ። እምቢ አልኩ፤ ማስረዳት ሰልችቶኝ ነበር። ብዙ ለመነኝ። በመጨረሻ «ምርጫው የእርስዎ ነው» አለ።

እጢው በቀዶ ጥገና ወጣ። የፈራኋቸው ሁለቱም ደረሱብኝ። ሽንቱ በጊዜ ሊሻሻል ይችላል ብሎኝ ነበር ሐኪሙ፤ ክረምት ወጥቶ በጋ ገባ፣ አልተሻለኝም።

ወንድሜ ዳግመኛ በግ ጎትቶ መጣ። «አልሐምዱሊላህ፣ ወንድሜ ከሞት አፍ ወጣ!» እያለ ያየውን ሁሉ አቀፈ። ቤቱ በሹፌር ተሞላ። ባለቤቴ ስትስቅ ሰማኋት፤ ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። እኔ ሱሪዬ ውስጥ ጨርቅ አጥፌ፣ እርጥበቱ ጭኔ ላይ እየተሰማኝ «አሚን፣ አሚን» እላለሁ።

የመግሪብ ስግደት ሰዓት ደረሰ። ወንድሜ ክንዴን ይዞ ወደ ፊት ገፋኝ፤ «ዛሬ አንተ አሰግደን!»

ለሶላት ታጥቤ ውዱእ አድርጌ ሳልጨርስ ሽንት አምልጦኝ እንደሚያፈርስብኝ በዚያ ሁሉ ደስታ መሐል እንዴት ልንገረው? ውዱእ የማይቆምለት ሰው ደህናዎቹን አያሰግድም።

«አንተ ቅደም» ብዬው ወደ ኋላ ሄድኩ።

«ገና አልጠነከረም፤ ይጠነክራል» አሉ ደስ ብሏቸው። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተሰለፉ። እኔ እንዳልሸታቸው ከመጨረሻው ሰው ራቅ ብዬ ብቻዬን ቆምኩ።