ስም ያልተለጠፈበት ጠርሙስ

መጀመሪያ የተቀበለው የሙጫ ሽታ ነበር። ያኔ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ረዳት ሆኖ ሲቀጠር፣ አለቃው የነበሩት ሽማግሌ ሙጫ እየበጠበጡ አንዲት ነገር ብቻ አስጠነቀቁት፤ «ከአሲዱ ይልቅ ስም ያልተለጠፈበትን ጠርሙስ ፍራ። ምንነቱን ያላወቅኸውን ነገር በምን ታበርደዋለህ?»

ከዚያ ወዲህ ስም ሳይለጥፍበት ያሳደረው ጠርሙስ የለም። ተማሪዎቹም በተራቸው «ጋሽ ብልቃጥ» የሚል ስም ለጠፉበት።

በዚህ ሳምንት ግን ጋሽ ብልቃጥ ቁጭ ብድግ ሆኗል ሥራው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ብቻውን ያሳደጋት አንድ ልጁ ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታ ቅዳሜ ጠዋት ልትሄድ ነው። የሻንጣዋን ዚፕ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ መስኮት ጋ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

«ይሄም ጫማ ሆኖ!» አላት እግሯን እያየ።

«አባዬ፣ አንተው ነህ እኮ የገዛኸው!»

«ስገዛው ደህና ነበር!»

ሐሙስ ዕለት ልጅቱ መረራት። «እንድሄድ ካልፈለግህ በግልጽ ንገረኛ!»

«ሂጂ! ማን ያዘሽ?» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። እንዲህ ተኳርፈው እንዲለያዩ አይፈልግም፤ አፉ ግን አልታዘዝ አለው።

ዓርብ ዕለት ያልታሰበ ነገር ሆነ።

«ጋሽ ብልቃጥ፣ አልኮሉን ‹የተጣራ ውሃ› ብለውታል እኮ! ልጆቹን ሊያሰክሩብኝ ነው?» አለች የባዮሎጂ መምህርቷ፤ የድሮ ተማሪው ናት።

በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያ ስሕተቱ ነበር። ደንግጦ ከልጁ ጋር የሆነውን ሁሉ ዘረገፈላት። እሷም ከመደርደሪያው ላይ ለማስተማሪያ የተሠራ የጀሶ አንጎል አንሥታ ለሁለት ከፈለችው።

«እዚህ ጥልቁ ውስጥ ለውዝ የምታክል ነገር አለች። አደጋ ከመሰላት እኛ ሳናስብ ቀድማን ትጮኻለች፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። የተሰማንን በትክክለኛ ስሙ ስንጠራው ግን ይኸኛው የፊተኛው ክፍል ሥራ ይጀምራል፤ እሷም ብዙ ጊዜ ጋብ ትላለች።»

«በእኛ ጊዜ መጽሐፍ እኮ አንጎል አንድ ሥዕል ነበር። ከሥሩ ‹የማሰቢያ አካል› ይላል፣ አለቀ!»

«የእርስዎስ ጠርሙስ ላይ ምን ለጠፉበት?»

«ንዴት ነዋ!»

«ሳያሸቱ?»

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቱ ካፖርቷን ለብሳ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። ታክሲው ውጭ ጥሩምባውን ነፋ። ጋሽ ብልቃጥ ከበሩ እስከ መስኮቱ አራት ጊዜ ተመላለሰ፤ በመጨረሻ ከኪሱ ጀርባዋ ሙጫ የተቀባ አንዲት የጠርሙስ ወረቀት አወጣ። ‹ንዴት› የሚለው ተሰርዟል። ‹ኩርፊያ› የሚለውም ተሰርዟል። ከሥራቸው ‹ፍርሃት› ይላል።

«ተናድጄብሽ አልነበረም» አላት። «ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«ከሥራ ስመለስ ‹አባዬ፣ መጣህ?› የሚለኝ ሰው እንደሌለ ሳስበው…» ስሙን ሲጠራው ትንፋሹ ረጋ አለ። ከፍርሃቱ ሥር ገና ያልሰየመው ሌላ ነገር ነበረ። እስክሪብቶውን አወጣና ‹ኩራት› ብሎ ጨመረበት። «በአንቺም ኮርቻለሁ። ሁለቱ ተቀላቅለውብኛል። እኔ እንዲህ ዓይነት ጠርሙስ አይቼ አላውቅም።»

ልጅቱ ወረቀቷን ተቀበለችው። የወረቀቷን ጀርባ በምላሷ አርሳ ሻንጣዋ ላይ፣ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ለጠፈቻት፤ እንዳትላቀቅም በመዳፏ ጫን አድርጋ ያዘቻት። «ማታ ማታ እየደወልሁ ‹አባዬ፣ መጣህ?› እልሃለሁ» አለችው። ሻንጣዋን አነሣችና ደህና ሁን ሳትለው ወጣች።