ስልሳ ሰባተኛው እርምጃ

ዛሬም ስሄድ እቆጥራለሁ። ሰው መንገድ ላይ «እንደምን አደሩ» ሲለኝ ቁጥሩ እንዳይጠፋኝ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ኩሩ ነው ይሉኛል። ይበሉ! ደክሞኛል።

ንጉሡ እንጦጦን ማዘውተር በጀመሩ ሰሞን አንድ ፈረንጅ አንኮበር መጣ። ሥራው የበረሃ ድንጋይ መመርመርና ምድሩን ለክቶ በወረቀት ላይ ማስፈር ነበር። የሰበረውን ድንጋይ ሁሉ በምላሱ ስለሚቀምስ «ድንጋይ ላሽ» አልነው። ታላቅ ወንድሜን በቅሎ ነጂ፣ እኔን እርምጃ ቆጣሪ አድርጎ ቀጠረን። ወንድሜ «ደግሞ መራመድም ሥራ ሆነ?» ብሎ ሲስቅብኝ ዋለ።

ቁልቁለቱን ወርደን ወደ አዋሽ በረሃ ገባን። መቶ እርምጃ በሞላ ቁጥር ከመቁጠሪያዬ አንድ ፍሬ አሳልፋለሁ። መቁጠሪያውን ቄሱ አባቴ ለጸሎት ብለው ነበር የሰጡኝ፤ አይ እኔ! ቁጥሩ ከጠፋኝ ወደ ተነሣንበት ተመልሰን እንደ አዲስ መጀመር ነው። አንድ ቀን ጠፍቶኝ ያንን አሸዋ ሁለቴ ረገጥነው። ውሃችንም ያለቀው ለዚያ ነው።

በማግስቱ ወንድሜን ንዳድ ያዘው። በቅሎ ላይ እንዳናወጣው በቅሎዋ ድንጋይ ተጭናለች። ፈረንጁ «ውሃው ቅርብ ነው» ብሎ በቅሎዋን እየሳበ ከፊት ሄደ። ዛሬ ቁጥሩ ቢጠፋኝ ተመልሰን ልንጀምር ነው፤ ወንድሜ ደግሞ ተመልሶ የሚሄድበት አቅም የለውም። ለእሱ ብዬ ነው አጥብቄ የቆጠርኩት። ለራሴ እንዲያ እላለሁ።

ከኋላዬ ጠራኝ። የሆነ ነገርም ተናገረ፤ ቃሉን ግን አልያዝኩትም። ስልሳ ሰባት ላይ ነበርኩ። እጄን አንሥቼ «ቆየኝ» የሚል ምልክት አሳየሁት። መቶውን ሞልቼ፣ ፍሬዋን አሳልፌ ስዞር አሸዋው ላይ ተቀምጦ አቀርቅሯል። ሮጬ ደረስኩ፤ ብጠራው ብጠራው አልመለሰልኝም።

ፈረንጁ ተመልሶ መጥቶ በበቅሎዋ ላይ የነበረውን ድንጋይ አራግፎ ለመቃብሩ ክምር ሰጠኝ። ምነው ጧት ባራገፈው!

ቤት ገብቼ ለቅሶው ጋብ ሲል እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ልጄ፣ መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

«ጠራኝ።»

«ጠርቶህስ? ምን አለህ?»

ከደጃችን እስከ መቃብሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ አንድ ሳላዛንፍ አውቅ ነበር። እሷ ግን እሱን አልጠየቀችኝም።