የበያጁ ፍርሃት
ሰፈርተኛው «እሳቱ» ይለዋል፤ በያጅ ነው። ፎቅ ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ እያፏጨ የበረንዳ ብረት የሚገጥም ደፋር። እንዲህ ያለው ሰው ግን ልጁ «አባዬ፣ እግሬን አመመኝ» ስትለው በፍርሃት እግሯን ሲያሽ ያድራል። ታናሽ እህቱም በልጅነቷ «አጥንቴን፣ አጥንቴን» እንዳለች ነበር ያሸለበችው። ያኔ ቤተሰቡ «ብርድ መቷት ነው» ብሎ ቀበራት። ለልጅቱም ማስታገሻ ብቻ እየሰጡ ቆዩ።

አንድ ጠዋት ልጅቱ ሻይ እየጠጣች ሳለ ብርጭቆው ከእጇ አመለጠ።

«ምነው የኔ እናት?» አላት።

ልትመልስለት ስትል ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ፣ ምላሷ ተሳሰረ። ቀኝ እጇ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ሚስቱ «ልጄን!» ብላ ጮኸች። እሱ ልጅቱን አቅፎ በባዶ እግሩ ደረጃውን ወረደ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ደሟን አስመርምራ ጠራቻቸው።

«የጤነኛ ሰው ቀይ የደም ሴል ክብና ለስላሳ ነው፤ በጠባብ የደም ሥርም ተጣጥፎ ሾልኮ ያልፋል። የእሷ ግን ኦክስጅኑን ሲያራግፍ እንደ ማጭድ ይጎብጥና ይደርቃል፤ እርስ በርሱ እየተያያዘ መንገዱን ይዘጋል። ያ የአጥንት ሕመሟ ከዚህ ነው። አሁን የተዘጋው አንጎሏ ውስጥ ነው።»

«ከየት መጣባት?»

«ከሁለታችሁም ወርሳው ነው። እናንተ እያንዳንዳችሁ ከአንድ ወላጅ ብቻ ስለወረሳችሁ አልታመማችሁም።»

ባልና ሚስት ተያዩ፤ ወዲያው ዓይናቸውን ሰበሩ። እህቱ ትዝ አለችው። ለካ ብርድ አልነበረም።

ደሟን ቀስ በቀስ እያወጡ በሌላ ሰው ደም ይተኩላት ጀመር። እሱ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ጠብታውን ያያል፤ ጠብታው ሲቆም ልቡም አብሮ ቀጥ ይላል። ነርሷን እየጠራ ቢያስቸግራት፣ «ኧረ አባት፣ ከረጢቱ አልቆ እኮ ነው!» አለችው።

ከቀናት በኋላ ልጅቱ ትክ ብላ አየችው። «አባዬ... ጢምህ ያስጠላል» አለች፣ ቃሏን እየጎተተች። እናትየው እየሳቀች አለቀሰች።

አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ጣቶቿ እርሳስ ሲይዙ ቀርፋፋ ናቸው፣ ደምም በየጊዜው ይሰጣታል። እሱ ስልኩ በጠራ ቁጥር «ልጄ ናት» ብሎ የያዘውን ጥሎ ስለሚነሳ ከፍታ መውጣት ትቷል። ጠዋት ጠዋት፣ ገና ዓይኗን ስትገልጥ፣ «እስቲ ሳቂልኝ» ይላታል፣ ከንፈሯን ትኩር ብሎ እያየ።

በቀደም ሆን ብላ አፏን አጣመመችበት። ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ሲል ደነገጠች።

«አባዬ፣ ቀልዴን እኮ ነው!»

ሳቀላት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባና፣ ልቅሶው እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፈተ።