ያስመረጥኩት መጽሐፍ

ልጅ እያለሁ፣ ማለትም አስራ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው በምቆጥርበት ጊዜ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽን ትኩስ የወጣ ወረቀት ሽታ እወድ ነበር። ኮሮና ከመምጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጅግጅጋ ውስጥ የምማርበት የግል ትምህርት ቤት ባለቤት ውጭ አገር ኖረው የተመለሱ ሰው ስለነበሩ፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከብሔራዊው ፈተና ሌላ የትምህርት ቤቱን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ፈተና እንወስድ ነበር። ለዚያ ፈተና ከዋናው መጽሐፍ በተጨማሪ አንድ የአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ልብወለድ ማንበብ ግዴታ ነው።

መምህራችን ቲቸር ደረጀ ገና ወጣት ስለነበር አንተ ነበር የምንለው። አንድ ቀን ሁለት መጻሕፍት ይዞ ገባ። አንደኛው ቀጭን ሆኖ፣ መንገደኞችን በፈረስ ጋሪ ከከተማ ከተማ ስለሚያመላልስ ነጭናጫ ሽማግሌ የሚያወራ አስቂኝ ታሪክ ነው። ሌላው ወፍራም ነው፤ ከባሕር አጠገብ ስለሚኖሩ ሁለት እህትማማቾች ይተርካል። «የምትፈተኑት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ እናንተው ምረጡ» አለን። ሁለቱንም ቀድመን አንብበን ለክፍሉ እንድናስረዳ እኔንና ሆዳንን መደበን።

ሆዳን የሀርሺን ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ እዚያ ግመልና ፍየል ያረባሉ፤ እሷ ለትምህርት ብላ ጅግጅጋ አክስቷ ዘንድ ትኖር ነበር። እኔ ደግሞ ከወሎ መጥቶ እዚህ የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ሰው ልጅ ነኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። እኔ አማርኛዋን አርምላታለሁ፣ እሷ በሶማሊኛዬ ትስቅብኛለች። ሰሚራ ብላ ጠርታኝ አታውቅም፤ «አባዮ» ነበር የምትለኝ፣ እህቴ እንደማለት። ከሀርሺን የግመል ወተት ሲላክላት በውሃ ፕላስቲክ ትቀንስልኛለች። ጭስ ጭስ የሚለው ጣዕሙ አሁንም አፌ ውስጥ አለ።

የእህትማማቾቹን መጽሐፍ ሱቃችን ውስጥ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ኋላ ተቀምጬ አነበብኩት። ታናሽየዋ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ታስላለች፤ እየከሳች፣ እየገረጣች ሄዳ በመጨረሻ ትሞታለች። በመጽሐፍ ምክንያት ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴ ደንግጦ «ማን ነካሽ?» እስኪለኝ ድረስ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ሌላ መጽሐፍ ይመረጣል ቢሉኝ የምሰማ አልነበርኩም።

ከምርጫው በፊት በነበረው ቀን፣ በእረፍት ሰዓት ሆዳን እጄን ያዘችኝ።

«አባዮ፣ የጋሪውን እናስመርጥ።»

«ለምን?»

«ያስቃላ።»

«ፈተና እኮ ነው፤ ቀልድ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ያኛው ግን ጥሩ አይደለም።»

«ምኑ?»

 ሻርፗን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ወደ ሜዳው ዞረች። ሜዳው ላይ የተለመደው ነፋስ አቧራ ያስነሳ ስለነበር ለአቧራው መስሎኝ ነበር። «መሸነፍ ስለማትወጂ ነው» ብያት ሄድኩ።

በማግስቱ ክፍሉ ፊት ቆሜ ያን ያህል እናገራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የታናሽየዋን ሳል፣ የታላቋን እንባ፣ መሀረቡ ላይ የታየውን ደም ሁሉ ተረክሁላቸው። ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ሆዳን ተራዋ ሲደርስ «ይሄኛው አጭር ነው፤ ያስቃልም» ብላ ተቀመጠች። እጅ ሲቆጠር በሰፊ ልዩነት አሸነፍኩ። ቲቸር ደረጀ መጽሐፉን ፎቶ ኮፒ አስደርጎ አደለን።

በየቀኑ በየተራ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነብ ነበር። ታናሽየዋ አልጋ ላይ የምትውልበት ምዕራፍ ለሆዳን ደረሰ። ቆማ ማንበብ ጀመረች። ግማሽ ገጽ ያህል እንደሄደች ሳል ያዛት፤ ለማቆም ብትሞክርም ባሰባት። እኔ ደግሞ፣ ሆን ብላ የምታስመስል መስሎኝ፣ «ቲቸር፣ ሆዳን ታሪኩ ውስጥ ገብታ ቀረች!» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሆዳን ወረቀቷን ዴስኩ ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ስትወጣ አላየችኝም።

ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርት ቤት አልመጣችም። አኩርፋ ነው አልኩ። ራሷ ትምጣ፣ ራሷ ታናግረኝ እያልኩ ከአንድ ወር በላይ ቆየሁ። የአክስቷ ቤት ከሱቃችን የአስር ደቂቃ መንገድ ነበር።

አንድ ጠዋት አክስቷ ፋዱማ ወደ ሱቃችን መጣች። ጨርቅ ልትገዛ መስሎኝ ተነሳሁ። እሷ ግን ከአባቴ ጋር ሰላም ተባብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ጓደኛሽ የት ገባች ብለሽ እንኳን አልጠየቅሽም?»

«ያኮረፈችኝ መስሎኝ ነው።»

«ምን ማኩረፍ! ልጅቷ ታማለች። ቲቢ ነው። አራት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ እየሄደች መድኃኒቷን ስትውጥ ነበር፤ የቀራት ሁለት ወር ነበር። ክፍል ውስጥ ከተሳቀባት በኋላ ተማሪ ያየኛል ብላ መሄድ ተወች። ዩኒፎርሟን ለብሳ ትወጣለች፣ ወሰድኩ ትለኛለች፤ እኔም አመንኳት። ወድቃ ነው ያወቅሁት። አሁን እናቷ ዘንድ ሀርሺን ናት።»

ማን እንደሳቀባት አልነገረችንም። ታውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። አባቴ ፊቴን አይቶ ምንም ሳይጠይቀኝ «ነገ አብረን እንሄዳለን» አለ።

ቀብሪበያ ላይ መኪና ቀይረን ሀርሺን ስንደርስ ረፋድ ሆኖ ነበር። እናቷ ነፋስ እንዲያገኘኝ ብላ በሩ ሥር ምንጣፍ አነጠፈችልኝ። ሆዳን ወደ ውስጥ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሕክምናው እንደገና ተጀምሮላት ነበር፤ እጆቿ ግን የሷ አይመስሉም። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ።

«ተይ፤ አታውቂም ነበር» አለችኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ አጠገቤ ትቀመጪ ነበር?»

አዎ ማለት ፈለግሁ። አልወጣልኝም። እሷም መልሱን አልጠበቀችም።

«ያን መጽሐፍ ከምርጫው በፊት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለች። «ሁለተኛውን ያነበብኩት ምናልባት ትድን እንደሆነ ብዬ ነው። ሞኝነቴን አየሽ?»

የጋሪውን መጽሐፍ ከቲቸር ደረጀ ተውሼ ይዤ ነበር። በሩ ሥር ሆኜ አነበብኩላት። ሽማግሌው ከፈረሱ ጋር የሚጨቃጨቅበት ቦታ ላይ ሳቀች፤ ከዚያ ለእናቷ በሶማሊኛ መተርጎም ጀመረች። እንደ ተረጎመችው ከሆነ ሽማግሌው የቀብሪበያ ሚኒባስ ሹፌር ሆኗል፤ ፈረሱም መንገድ መሃል የሚቆም አሮጌ ሞተር። እናቷ እንባ እስኪወጣት ሳቀች፤ ውጭ ቆሞ የነበረው አባቴም ሳቀ። ሆዳን እንደገና ስታስል ማንም አልሳቀም። ለመሄድ ስንነሳ መጽሐፉን ትቼላት ወጣሁ።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አረፈች። ለቀብሯ አልደረስኩም፤ የሰማነው ከተቀበረች በኋላ ነው።

ፈተናው ላይ ከእህትማማቾቹ መጽሐፍ የመጣው ጥያቄ የታናሽየዋ ሞት አንባቢውን የሚነካው ለምን እንደሆነ አስረዱ የሚል ነበር። አራት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። እጄ አልቆም አለኝ። ከክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት አገኘሁ። ቲቸር ደረጀ ወረቀቱን ሲሰጠኝ «ጥሩ ጽፈሻል» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ያን ወረቀት አባቴን ጨምሮ ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

አሁን እኔ ራሴ ጅግጅጋ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የሚያነቡት ስልካቸው ላይ ነው። ከእኛ ይልቅ ብዙ ያውቃሉ፤ ስለ በሽታም እኛ እናፍር እንደነበረው የሚያፍሩ አይመስለኝም፤ ወይም እንደዚያ ነው ማመን የምፈልገው። ለፈተና የሚነበብ ልብወለድ ስንመርጥ እጅ አላስቆጥርም። አንድ በአንድ ጠርቼ አነጋግራቸዋለሁ፤ ይህን ማንበብ አልፈልግም ላለኝ ምክንያቱን አልጠይቀውም። ሥራው ጊዜ ይፈጃል። ባልደረቦቼ ያበዛሁት ይመስላቸዋል።

በዓመት አንዴም ሁለቴም ሀርሺን እሄዳለሁ። የሆዳን እናት አርጅታለች፤ እንደ ልጇ «ሆዮ»፣ እናቴ፣ ነው የምላት። ሶማሊኛዬ አሁን ተስተካክሏል፤ የሚስቅብኝ የለም። ስለ መጽሐፉም ስለ ክፍሉም ጠይቃኝ አታውቅም። በሄድኩ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሻይ ከቀዳችልኝ በኋላ ፊቴን በደንብ ታየኝና፣

«ስንት ዓመት ሞላሽ?» ትለኛለች።

ባለፈው ስሄድም ጠየቀችኝ።

«ሃያ አራት፣ ሆዮ» አልኳት።

«እንግዲያው እሷም ሃያ አራት ሆነች» አለች።

«አዎ፣ ሆነች» አልኳት።